ለስምንት ላሞች አዛባ ገፊ ማሽን ስመርጥ

እኛ አገር ሰውን የሚፈልገውን ነገር መጠየቅ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መልሱን ማግኘት ላይ ነው። እንግዳ ቤታችሁ ይመጣል። «ሻይ ይሁን ወይስ ለስላሳ?» ትሉታላችሁ። «ኧረ ምንም አያስፈልግም፣ አሁን ጠጥቼ ነው የወጣሁት» ይላል፤ ምላሱ በጥማት ከላንቃው ተጣብቆ እያያችሁት። ደግማችሁ ትጠይቁታላችሁ። «እንግዲያው ያለው ይሁን፤ አትቸገሩ» ይላል። ያለው ደግሞ ሁለቱም ነው። ስለዚህ ትገምታላችሁ፤ ሻይ ታቀርባላችሁ። እሱም ለስላሳ እያማረው ሻዩን ይጠጣል፤ ሲወጣም «እንዴት ያለ ሻይ ነው!» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ምን እንደምታቀርቡለት አወቃችሁ ማለት ነው። ሻይ። ዕድሜውን ሙሉ ሻይ።

ይህን የምጽፈው በእንግዳ ለመሳቅ አይደለም። እኔም ሰው ቤት ስሄድ ያለውን ነው የምጠጣው። ነገር ግን እንዲህ ባለ የመገማመት አገር ውስጥ እንደ እኔ ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ላስረዳችሁ ፈልጌ ነው። እኔ መገመት አልችልም፤ መለካት ነው የማውቀው። ጠረጴዛ ከመግዛቴ በፊት በሩን እለካለሁ። በሩን ከለካሁ በኋላ ሜትሩን እጠራጠርና በሌላ ሜትር እደግመዋለሁ። ሁለቱ ሜትሮች ካልተስማሙ ጠረጴዛው ይቀራል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ልክ ናቸው። አንድ ነገር ግን ዘግይቼ ተረድቻለሁ፤ መለካት የሚወድ ሰው፣ ሜትር የማይደርስበትን ነገር የሌለ አድርጎ ያልፈዋል።

ወደ ላሞቹ ልውሰዳችሁ።

ቤታችን ሐረር ነው፤ ከግንቡ ውጭ፣ ከፈላና በር ብዙም ሳይርቅ። ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ «ለጊዜው» ተብለው መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ ያ ጊዜ እነሆ እስከ ዛሬ አላለቀም። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አንዲት የፈረንጅ ዲቃላ ላም ገዙ። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ ላሞቹ እየበዙ ሄዱ። ሰው ሲያዝን ወይ ይጠጣል ወይ ይጸልያል፤ አባቴ ላም ገዙ። ስምንት ሲሞሉ ኀዘናቸው የበረደ መሰለኝ፤ ወይም ቦታው ሞልቶ ይሆናል።

ወተቱን የሚወስዱት ጎረቤቶች ናቸው። በሁዳዴ ጾም እኛ ስንተወው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይወስዱታል፤ በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ የሚሆን ፍለጋ ተሰልፈው ይመጣሉ። ስለዚህ ወተታችን ጾም አያውቅም። የላም ነገር ስታነሱ ሰው ሁሉ የሚጠይቃችሁም ስለዚሁ ስለ ወተቱ ነው። «ስንት ሊትር ትሰጣለች?» ይላችኋል። በሌላኛው በኩል ስለምትሰጠው የሚጠይቅ የለም። ላም እኮ ወተት የምትሰጠው ጠዋትና ማታ ነው፤ ያንን ሌላውን ግን ጊዜ አትመርጥለትም። በረት ያለው ሰው ሕይወቱ ከአዛባ ጋር እንጂ ከወተት ጋር አይደለም።

ሠራተኛ አልቀጠራችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቀጥረናል። ሐረር ውስጥ አዛባ ዛቂ መቅጠር አያስቸግርም፤ ማቆየቱ ነው። የመጀመሪያው ጥቂት እንደሠራ ጫት ተራ ገብቶ ጫት ማሰር ጀመረ፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ እጁ ቅጠል ቅጠል እየሸተተ፣ ከእኛ የተሻለ እየተከፈለው። ሁለተኛውን ያመጣልን የመጀመሪያው ነው፤ የወሰደብንም እሱው ነው። ሦስተኛው ቀትር ላይ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። እስካሁን እየመጣ ነው። ማንኛቸውንም አልቀየምኩም፤ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ አካፋውን አባቴና እኔ ተካፈልነው። እሳቸው ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ፣ ጠዋት ጠዋት ስንዝቅ እንገናኛለን። አባቴ ግን ወገባቸውን ያማቸዋል። ሲጎነበሱ አንድ ጊዜ፣ ሲቃኑ ሁለት ጊዜ ፊታቸው ይቋጠራል። «አመመዎት?» ስላቸው «ኧረ ደህና ነኝ፣ ፀሐዩ ነው» ይላሉ። ፀሐይ በረት ውስጥ አትገባም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ከአዲስ አበባ የተደወለልኝ። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት፣ የመጡትን መሣሪያዎች እየለካ ትክክል መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰው ይፈልግ ነበር። እናንተዬ፣ እየለካ! ማስታወቂያው እኔን አይቶ የወጣ ነበር የሚመስለው። አመልክቼ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ ኖሮ «ቤት ያለህን ጉዳይ ጨርስና ና፤ ግን አትቆይብን» አሉኝ።

ቤት ያለኝ ጉዳይ አባቴ ናቸው። ብነግራቸው ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ፤ «ሂድ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ይላሉ፤ ወዲያው ሁለቱን አካፋ ብቻቸውን ይዘው በዚያ ወገብ ይጎነበሳሉ። እንዲህ አድርጌ አዲስ አበባ ብገባ ደግሞ የሰው ሚዛን ሳስተካክል የምውል ሰው የራሴ ሚዛን ተዛብቶ ይኖራል። ስለዚህ በሐሳቤ ቅደም ተከተል አወጣሁ። መጀመሪያ አካፋው ከቤቱ ይውጣ፤ ከዚያ እኔ። መጀመሪያ ማሽኑ፤ ከዚያ ወሬው። ሐሳቡ በሁለቱም ሜትር ሲለካ ልክ ነበር።

አንድ ጠዋት እየዛቅን ሳለ ጣል አደረግሁት።

«አባባ፣ አዛባውን በማሽን ብናስወጣውስ?»

አባቴ ቀና አሉ። አካፋቸውን ተደግፈው ብዙ አዩኝ።

«በማሽን? ማን ይገጥመዋል?»

«እኔ መርጬ፣ እኔው አስገጥመዋለሁ።»

ፊታቸው በራ። እንደዚያ የበራው መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም። «ይሁና!» አሉ። «አንተ ካልክ ይሁን፤ ምን ገዶኝ!» ያበራው ወገባቸው መሰለኝ። ለማረፍ የጓጓ ወገብ።

ማሽኑን ለማታውቁት ላስረዳ። ሲታይ ቀላል ነው። ላሞቹ ከሚቆሙበት በስተኋላ ባለው ቦይ ውስጥ አንድ ሰፊ የብረት ሰሌዳ ይቀመጣል። ሞተር በሰንሰለት ወይም በሽቦ ገመድ ይጎትተዋል። ሰሌዳው ቀስ እያለ አዛባውን እየገፋ ወስዶ ጓሮ ካለው ጉድጓድ ይከተዋል፤ ከዚያ ባዶውን ይመለሳል። ቀስ የሚለው ላሞቹ እንዳይደነግጡ ነው፤ ሙሽራ አጅቦ ከሚሄድ ሰው እንኳ ይዘገያል። በቃ።

በቃ ያልኩት ለእናንተ ነው። ለእኔ መች በቃ!

አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ አስመጪ ደወልኩ።

«ስንት ላም አላችሁ?» አለኝ።

«ስምንት።»

«ስምንት መቶ?»

«ስምንት ብቻ።»

«ወንድሜ፣» አለኝ በርኅራኄ ድምፅ፣ «ለስምንት ላም እኮ አካፋ የሚባል ነገር አለ።»

አካፋውን እንደማውቀው ነገርኩትና ቀጠልን። ትንሹን ዓይነት አቀረበልኝ፤ ሌላ ቦታ ደወልኩ፤ ድሬዳዋ ወርጄ ብረታ ብረት የሚሠሩትን ጠየቅሁ፤ አንዱ ያለኝን ለሌላው እየነገርኩ የሁለተኛውን መልስ ለመጀመሪያው መለስኩ። በመጨረሻ ሁሉም ስልኬን ሲያዩ ማንሳት ተዉ።

የአባቴ የልጅነት ወዳጅ፣ ልብስ ሰፊ የነበሩት ሐጂ ዩስፍ፣ ጠዋት ጠዋት የወተት ጆጋቸውን ይዘው ሲመጡ እኔን ከነሜትሬ ቦዩ ውስጥ ተንበርክኬ ያገኙኛል።

«አንተ ልጅ፣ አሁንም እየለካህ ነው? እኔ በዚህ ጊዜ የመንደሩን ሰው ሁሉ ሱሪ ሰፍቼ እጨርስ ነበር!»

«ይህ እንደ ሱሪ አይደለም፣ ሐጂ፤ ከጠበበ አይለቀቅም።»

«ወላሂ፣ ሚስት እንዲህ የመረጥክ እንደሆነ እስከ ቂያማ አታገባም!» ይሉና ወደ አባቴ ዞረው ይስቃሉ። አባቴ አይስቁም። «ተወው ሐጂ፣ ይምረጥ» ይላሉ፤ «ቀስ ብሎ ይምረጥ።» አነጋገራቸው ላይ አንድ ዓይነት ደስታ ነበረበት። የአስተማሪ ደስታ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ተማሪው ሥራውን ሳይቸኩል ሲሠራ እንደሚያይ አስተማሪ።

ትልቁ ጥያቄ ሰንሰለት ወይስ የሽቦ ገመድ የሚለው ነበር። ገመዱ ይቀላል፤ ግን እያደር ይለጠጣል፤ በየጊዜው ቁልፍ ይዞ ገብቶ የሚወጥረው ሰው ይፈልጋል፤ የላም ሽንትም ይበላዋል። ሰንሰለቱ ከባድ ነው፤ ግን አንዴ ከተገጠመ ቅባቱን እየሰጡ መርሳት ነው። እኔ ሳልኖር ማን ይወጥረዋል? አባቴ፣ በዚያ ወገብ፣ አዛባ ውስጥ ተንበርክከው? አይሆንም። ሰንሰለት።

«አባባ፣ ሰንሰለቱ ብዙ ዓመት ይቆያል።»

«ብዙ ዓመት?»

«ብዙ ዓመት።»

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣» አሉ እጃቸውን እያሻሹ።

ቀጥሎ፣ በማብሪያ ይነሳ ወይስ በሰዓት? አባቴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤቱን ሙሉ የሚፈልጉት ሰው ናቸው፤ ማብሪያ መጫን ቢረሱ ላሞቹ በአዛባ ተውጠው ይውላሉ። የሚያስታውሳቸውም ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሰዓት ያለው ሳጥን መረጥኩ። «ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይነሳል፤ ማንም አጠገቡ ባይኖር ይሠራል» አልኳቸው። «እሰይ!» አሉ፤ «እኛ ቁጭ ብለን ስናወራ እሱ ሥራውን ይሠራል በለኛ!» ደግሞ መብራት ይጠፋል። የሐረርን መብራት ታውቁት የለም? ለዚህ በእጅ የሚዞር መዘውር ያለውን ፈለግሁ፤ ከዚያም ውስጥ አንድ አዛውንት ብቻውን ሊያዞረው የሚችለውን ቀላሉን። ቤት ሳመጣው አባቴ በአንድ እጃቸው አዞሩትና ሳቁ። «ይህንማ የልጅ ልጅ እንኳ ያዞረዋል!» አሉ። የልጅ ልጅ ሲሉ ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አላዳመጥኩም፤ በዚያ ሰዓት የመዘውሩን ጥርስ እየቆጠርኩ ነበር።

ቤቱ ያለበት መሬት ዳገት ነው፤ ሐረር ውስጥ ዳገት ያልሆነ መሬት ካገኛችሁ ንገሩኝ። ቦዩ እንዲስተካከል የበረቱ ወለል ተፈንቅሎ እንደገና ሲሚንቶ ተሞላ። ይህ ሁሉ ወጪ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ከሻሼ። ሻሼ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ አባቴ ከሁሉ የሚወዷት ጊደር ነበረች። ሞተሩን ለማምጣት ድሬዳዋ ወርጄ ስመለስ በቦታዋ የለችም።

«አባባ፣ ሻሼ?»

«ሸጥኳት። ጊደር ይወለዳል፤ ይህ ግን አንዴ የሚደረግ ነገር ነው።»

እኔም በልቤ፣ ወገባቸው ምን ያህል ቢያሰቃያቸው ነው ሻሼን የሸጡት አልኩ። አያችሁ? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬ አይደለም።

ማሽኑ ተገጠመ። የሚመረቅበት ጠዋት ጎረቤት ተጠራ። ለአዛባ ማሽን ምረቃ ይጠራል ወይ አትበሉኝ፤ እኛ ሰፈር ለአዲስ የውኃ ታንከር እንኳ ይመረቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው በር ላይ ቆሙ። ሳጥኑ ጠቅ አለ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ሰሌዳው እንደ ዔሊ ተነሳ። ዶሮዎች ሸሹ። አንዷ ላም ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ሥራ ጨመረችለት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሐጂ ዩስፍ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያሉ ከሰሌዳው ጋር ጎን ለጎን እስከ ጓሮው ድረስ ተጓዙ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ሰሌዳው አዛባውን ጉድጓዱ ውስጥ ሲጥል ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ሁሉ ነገር በልኩ ነበር። በዚያው ምሽት ለአባቴ የአዲስ አበባውን እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰዉ መዳፉን ዘረጋ።

«ልጄን ከእኔ ያላራቀ አምላክ ይመስገን» አሉ።

«አሜን!» አለ ሰዉ።

«የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ እየተነሳ ሲሄድ፣ እኔን በእርጅናዬ ብቻዬን ያላስቀረኝ ይመስገን።»

«አሜን!»

«ይህን በረት በእጁ ያቆመው ልጄ፣ በዚሁ ደጅ ወልዶ፣ በዚሁ ደጅ ከብሮ፣ በዚሁ ደጅ ይሸምግል!»

ምርቃት ከመሃል አይቋረጥም። እጅ አውጥቶ «ይቅርታ፣ አንድ ማስተካከያ አለኝ» አይባልም። መዳፌ እንደ ሰው ሁሉ ተዘርግቷል። የሰፈሩ ሰው ዐይን እኔ ላይ ነው። «አሜን» አልኩ። ሐጂ ዩስፍ ደግሞ ተቀበሉ፤ «ያ ረቢ! ይህን ልጅ ከአባቱ ጥላ ሥር አታውጣው! እግሩን እዚሁ ትከለው፤ ሚስቱንም ከዚሁ ስጠው!» ሰዉ «አሚን!» አለ። እኔም «አሚን» አልኩ። በሁለቱም በኩል ተያዝኩ።

ሰዉ ሲበተን ላሞቹን ወደየጋጣቸው እያስገባሁ ሳለ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከበሩ ውጭ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«መምህር፣ አንተስ ይሄዳል ብለህ ትሰጋ አልነበር?» አሉ ሐጂ።

«እሰጋ ነበር። እንቅልፍ አልነበረኝም። ማሽኑን ሲመርጥ ሳየው ነው ልቤ ያረፈው። የሚሄድ ልጅ እንዲህ አይመርጥም፣ ሐጂ። የሚሄድ ልጅ ያገኘውን ገዝቶ፣ ደህና ሁን ብሎ ይወጣል። ይህ እኮ ሰንሰለቱ ስንት ዓመት እንደሚኖር ሳይቀር ነው የጠየቀው።»

በረቱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ አስቡት። ሰንሰለቱን የመረጥኩት ስለማልኖር ነው፤ እሳቸው ስለምኖር ነው ብለው ሰሙት። ሰዓት ያለውን ሳጥን የመረጥኩት ብቻቸውን ስለሚሆኑ ነው፤ እሳቸው አብረን ስለምንቀመጥ ነው ብለው ተቀበሉት። መዘውሩን ለአንድ አዛውንት ክንድ ለካሁት፤ እሳቸው ለልጅ ልጅ ክንድ ሰጡት። ሻሼንም የሸጧት ለወገባቸው አይደለም። እኔን ገዝተውባት ነበር። የመሄጃዬን ድልድይ ስሠራ፣ አባቴ ከዚያው እንጨት አጥር ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሁለታችንም እንጨቱን ተጋግዘን ተሸክመናል።

በዚያ ምሽት አልነገርኳቸውም። በማግስቱም አልነገርኳቸውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም፤ ዝም ያለው ሰው ነው የሚነቅዘው። ከአዲስ አበባ ሲደውሉ «የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኛል» አልኳቸው። «ምን፣ የታመመ አለ?» አሉኝ። «የለም፣ ሁሉም ደህና ነው» አልኩ፤ እነሱም አልገባቸውም፤ እኔም አላስረዳሁም። በአሜን ምክንያት ሥራ ቀረብኝ ተብሎ ለመሥሪያ ቤት እንዴት ይነገራል? ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያ ሰው በደንብ ይለካ እንደሆነ አላውቅም። አንዳንዴ ይለካ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ማሽኑ ግን ያለ እንከን ሠራ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ምርጫዬ በሁሉም በኩል ትክክል ነበር፤ ሰንሰለቱ አልላላም፣ ሳጥኑ አልዘገየም፣ ሰሌዳው ላም አልገጨም። ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ ሰዎች ፍጉን እየመጡ ይወስዳሉ። ችግሩ፣ እኔ የማደርገው ነገር ጠፋ። ጠዋት ተነስቼ ሰንሰለቱን እቀባለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። አባቴም ይመጡና ይቀመጣሉ። ማሽኑ ሲመጣ እናየዋለን፤ ሲመለስ እናየዋለን።

ስንዝቅ እኮ እንጫወት ነበር። ይህን ያወቅሁት አካፋው ከቆመ በኋላ ነው። ጎን ለጎን ተጎንብሶ የሚዝቅ ሰው ፊት ለፊት አይተያይም፤ ስለዚህ አፉ ይፈታል። አባቴ እናቴን እንዴት እንዳገኟት የነገሩኝ አዛባ እየዛቅን ነው፤ ቀና ብለው ቢሆን ኖሮ አይነግሩኝም ነበር። አሁን ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ንጹሕ ልብስ ለብሰን ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንለዋወጠው፣ «ዛሬ ፀሐዩ ከረረ» «አዎ፣ ከረረ» የሚል ነው። ማሽኑ አዛባውን ሲገፋ ጨዋታችንንም አብሮ ገፍቶ ጉድጓድ ከተተው። የትኛውም አስመጪ ይህን በዕቃው መግለጫ ላይ አይጽፈውም፤ ቢጽፈውም ኖሮ እኔ ለዚያ መለኪያ አልነበረኝም።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ሁለታችንም በቦዩ ጠርዝ ላይ እግራችንን ዘርግተን ተቀምጠን ሳለ፣ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ናቲ።»

«አቤት አባባ።»

«አትቀየመኝና አንድ ነገር ልበልህ።»

«ምን እቀየማለሁ? ይበሉ።»

«ወጣት ሰው ማሽን ሲጠብቅ አይውልም። ሐጂም ታዝቦሃል፤ ‹ልጁ ሥራ ፈታ› ነው የሚለኝ። ይሄ እንደሆነ ራሱን ችሏል። እኔም ብሆን አካፋ አላነሳ፣ ምን እሆናለሁ? እና… አዲስ አበባ ወጣ ብለህ ሥራ ብትሞክርስ?»

ይህን ለመናገር ስንት ሌሊት እንደተገላበጡ ከድምፃቸው ያስታውቃል። የማልፈልገውን ነገር እያስገደዱኝ መስሏቸው ነበር።

«ነበር እኮ፣ አባባ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሥራው። አዲስ አበባ። አልፌ ነበር።»

ዞር ብለው አዩኝ። «መቼ?»

«ማሽኑ ሳይገጠም።»

«ሳይገጠም! ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ማሽን ስትመርጥ የኖርከው ለምንድን ነው?»

«እንድሄድ ነዋ። ወገብዎን እያመመዎት ጥዬዎት እንዳልሄድ።»

«ወገቤን?» አሉ፤ ወገባቸውን አሁን ገና የተሰጣቸው ይመስል ዳበስ አደረጉት። «ወገቤንማ ለምጄዋለሁ። እኔ ማሽን መች ፈለግሁ? አካፋዬ በቂዬ ነበር። አንተ ስለወደድከው እኮ ነው… ከወደደው ይቀራል ብዬ…» አልጨረሱትም። ዐይናቸው ሻሼ ትታሰርበት ወደነበረው ባዶ ጋጥ ሄደና እዚያው ቆየ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ መረቁ። እኔ አሜን አልኩ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ጊዜ ነቀነቁ።

«ምርቃት እኮ ነው ልጄ፤ ፍርድ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ብትነግረኝ ሌላ እመርቅህ ነበር።»

ምናልባት ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል አልኩ፤ ይገኛል እንጂ አሉ፤ ሁለታችንም እንደማናውቅ እናውቃለን። በዚህ መሃል ሰዓቱ ደርሶ ኖሮ ሳጥኑ ጠቅ አለ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ሰሌዳው ከወዲያኛው ጫፍ ተነስቶ፣ ሁለት ሰዎች ያልፈለጉትን ሥራ በሙሉ ልቡ እየሠራ፣ ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ። እግራችንን ከቦዩ ላይ አነሳን። አሳለፍነው።

«ጥሩ ማሽን ነው» አሉ አባቴ፣ እንዳይከፋኝ።

«በጣም» አልኩ፣ እንዳይከፋቸው።